ያልረገጥኩት ማሳ

ቅጹ አራት ገጽ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከባለሙያው ፊርማ በላይ፣ «ማሳውን በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ» የሚል መስመር ታትሞበታል። በዚያ ክረምት ከዚያ መስመር ሥር ከመቶ ጊዜ በላይ ፈርሜያለሁ። ስድስቱ ውሸት ነበሩ።

የምሠራው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከሲኤምሲ አልፎ ኮንዶሚኒየሞቹ በሚያልቁበት አካባቢ፣ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበር። የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከተማ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ምን ያደርጋል እያሉ የሚስቁብኝ ጓደኞች ነበሩኝ። ከሕንጻዎቹ ጀርባ ምን እንዳለ ስለማያውቁ ነው። ከሕንጻዎቹ ጀርባ ጤፍ አለ፣ ሽምብራ አለ፣ በየዓመቱ ለመንገድና ለግንባታ እየተቆረሰ የሚያንስ ማሳ አለ። በዚያ ዓመት መንግሥት መሬታቸው ለተቆረሰባቸውና በቀረችው ላይ አሁንም ለሚያርሱ ገበሬዎች ድጎማ ሊከፍል ወሰነ፤ ላም እንዲያረቡበት፣ ዘርና ማዳበሪያ እንዲገዙበት። ማን ገበሬ እንደሆነና ማን እንዳልሆነ ማረጋገጥ የእኛ ሥራ ሆነ።

ሲነገር ቀላል ነው። መሬቱ ግን ግማሹ በሞቱ ሰዎች ስም ነው የተመዘገበው። ልጆች ተካፍለውታል፣ አንዱ ሸጧል፣ ሌላው አከራይቶ ከተማ ገብቷል። በእርግጥ የሚያርሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ማሳው ላይ ቆሞ በማየት፣ ጎረቤት በመጠየቅ ነው። እኔም እንዲያ ሳደርግ ነበር የከረምኩት። ጫማዬ ሁለት ጊዜ ተቀዷል።

ያኔ በሙከራ ቅጥር ላይ ነበርኩ። ስድስት ወሩ ሊሞላ አንድ ወር ገደማ ይቀረዋል። ውጤቴን የሚሞሉት የቡድን መሪያችን ነበሩ፤ ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ጠዋት ሲገቡ ለጥበቃው ሳይቀር ቆመው ሰላምታ የሚሰጡ ሰው። ክፉ ነበሩ ብል እዋሻለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ዝርዝሩ ወደ ክፍለ ከተማ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ነሐሴ አጋማሽ ላይ ባለ አንድ ሐሙስ ዋለ። ስድስት ማሳ ቀርቶኛል፤ ስድስቱም ከወንዙ ማዶ፣ መረሬው ጥቁር አፈር ላይ ናቸው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የቢሮው መኪና ሌላ ሥራ ወጥቷል። የቡድን መሪዬ ቅጾቹን ይዘው መጡና፣ «ዛሬ ካልሄደ የወረዳው ገበሬ በሙሉ ከዚህ ዙር ይቀራል» አሉኝ። «እነዚህን ስድስት ሰዎች አውቃቸዋለሁ። መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን።»

ውጭ አንድ መኪና እየጠበቀን ነበር። የሚነዳው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ በዚያ ጭቃ ነጭ ስኒከር አድርጓል፣ ስኒከሩም ንጹሕ ነው። ከስድስቱ አመልካቾች አንዱ እሱ እንደሆነ መኪናው ውስጥ ገብቼ ነው ያወቅኩት። ወደ ማሳው የምንሄድ መስሎኝ ነበር። መኪናው ግን ወደ መሃል ከተማ ዞረ፤ አትላስ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ወሰደን።

«አጎቴ ከሞተ ጀምሮ ማሳውን የማሳርሰው እኔ ነኝ» አለኝ፣ ጥብሱን ወደ እኔ እያስጠጋ።

«ሚስት አልነበሯቸውም?»

«አለች። አርጅታለች። የምጦራትም እኔው ነኝ።»

የቡድን መሪዬን አየኋቸው። «ቤተሰቡን አውቀዋለሁ፣ ችግር የለውም» አሉ።

በላሁ። ምሳው ጥሩ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ስንመለስ ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድብ ነበር። ቅጾቹን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስድስቱን ተራ በተራ ፈረምኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሰኞ ዝርዝሩ በግቢያችን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ቅሬታ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ከሥሩ ተጽፏል። ረቡዕ ጠዋት አንዲት አሮጊት የቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። አጭር ናቸው። እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ጥቁር ቦት ጫማ አድርገዋል፤ ጭቃውን ደጅ ላይ አራግፈውታል።

«የግብርናዋ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «ሰሌዳውን አስነበብኩ። የኔ ማሳ በባሌ ወንድም ልጅ ስም ነው ያለው አሉኝ።»

«ማሳው የቱ ነው?» አልኩ፣ የቱ እንደሆነ እያወቅኩ።

«ከወንዙ ማዶ፣ ግራሯ ያለችበት።»

ወረቀት የማገላብጥ መሰልኩ። «አዎ፣ በእሱ ስም ነው። የክፍለ ከተማው ኮሚቴ ነው የወሰነው።»

«አንቺም መጥተሽ አይተሻል አሉኝ።»

«አዎ።»

«መቼ መጣሽ?»

«ባለፈው ሐሙስ። ጠዋት።»

«ሐሙስ ጠዋት እዚያ ነበርኩ። ውሃ ከጤፉ ሳስወጣ ነው የዋልኩት። በየት በኩል መጣሽ፣ ኢንተላ ኮ?»

በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ቁጣ የለበትም፤ መንገድ የጠፋበትን ሰው እንደመጠየቅ ነው።

«በድልድዩ በኩል።»

«ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ሦስት ሳምንቱ።»

እጄን ወረቀቱ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። እሳቸው ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ወለሉን አዩ።

«እንግዲህ እኔ አርጅቻለሁ» አሉ። «አላየሁሽ ይሆናል።»

ወጡና ጎን ያለው ቢሮ ገቡ። ቅሬታቸውን ለሠራተኛው ሲነግሩት በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ሠራተኛው ጽፎ አነበበላቸው፣ በጣታቸው ፈረሙ። ከዚያ የቦት ጫማቸው ኮቴ በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ቅዳሜ ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግረው ከቤት ወጣሁ። በታክሲ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ከዚያ በባጃጅ። አስፋልቱ ሲያልቅ ባጃጅ ነጂው ቆመ። «እህት፣ ከዚህ በላይ አልገባም። ይውጠኛል» አለኝ። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ከድልድዩ የቀሩት ሁለት ቋሚ እንጨቶች ብቻ ነበሩ። ሱሪዬን ሰብስቤ ወንዙን ተሻገርኩ፤ ውሃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ማዶ ላይ ጭቃው አንዱን ጫማዬን ያዘና አልለቅ አለ፤ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት።

ማሳው ከጠበቅኩት ያንሳል። በአንድ በኩል ለመንገድ የተቆለለ ገረጋንቲ አለ፣ በሌላ በኩል የኮንዶሚኒየሙ ሰገነቶች ላይ ልብስ ተሰጥቷል። መካከሉ ገና የበቀለ ጤፍ ነው። እማማ መካከሉ ላይ ጎንበስ ብለው በዶማ ቦይ ይከፍታሉ። መረሬ አፈር ውሃ ይይዛል፤ ካልተጠነፈፈ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። እሳቸው ከዳር እስከ ዳር ቦዩን አውጥተውታል። የተማርኩት ሙያ ስለሆነ አውቀዋለሁ፣ የአንድና የሁለት ቀን ሥራ አይደለም።

ቀና ብለው አዩኝ። «መጣሽ» አሉ።

«መጣሁ። እማማ፣ ሐሙስ ዕለት አልመጣሁም። ከዚያ በፊትም መጥቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

ዶማውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው መሩኝ። በር ላይ በጆግ ውሃ አምጥተው፣ «እግርሽን ታጠቢ» አሉኝ። ልቀበላቸው ብል እምቢ ብለው ራሳቸው አፈሰሱልኝ። ከዚያ ከአልጋው ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አወጡ። የማዳበሪያ ደረሰኞች ነበሩ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ የብዙ ዓመት። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም በሟቹ ባላቸው ስም ናቸው።

«እሳቸው ከሞቱ በኋላ የገዙትስ?»

«እሱም በሱ ስም ነው። የሚያድለው ልጅ ያውቀኝ ነበር፤ የሱን ስም ይጽፋል፣ እኔ በጣቴ እፈርማለሁ።»

የጣት ፊርማው ከርጥበት ብዛት ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። የማንም ጣት ሊሆን ይችላል።

«ማሳውን በስምዎ ለምን አላስዞሩትም?»

«ማን ይወስድብኛል ብዬ።»

በሬ የላቸውም። የሚያርስላቸው ጎረቤት አለ፤ በሬው የሱ ነው፣ ዘሩና ማዳበሪያው የሳቸው ነው፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። እሱ እንዲመሰክርላቸው ጠይቀውታል። «የባሌ ወንድም ልጅ የሚመጣውን ዓመት መሬቱን ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል መሰል። ዓይኔን አያየኝም» አሉ። ያንን የባላቸውን ወንድም ልጅ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው መሆናቸውንም ነገሩኝ። ሲነግሩኝ እንደ ክስ አይደለም፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚያውቁት ለማስረዳት ነው።

በር ድረስ ሸኙኝ። «የምትናገሪልኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። «ምን ትያለሽ?»

«ላስብበት እማማ።»

«አስቢ። ቀኑ ግን ያልቃል።»

ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሾፌር ነው፤ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ታክሲ ይሠራል። ጨርሶ አዳመጠኝ።

«አንቺ ብቻ ነሽ ሳታዪ የፈረምሽው?» አለኝ።

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን አንቺ ብቻ ትቀጪያለሽ?»

የቀረውን እንጀራ ወደሱ አስጠጋሁ።

«የቤት ኪራዩን እኔ ብቻዬን አልችለውም። ይህን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ሳህኑን አነሳ። እኛ ቤት ይህ የሚባለው ንግግር ሲያልቅ ነው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ያ መኪና የተከራየንበት ግቢ በር ላይ ቆሟል። ሰውየው ከኋላ አንድ ጆንያ አውርዶ በሩ ላይ አስደግፎታል።

«ሰላም እህቴ። በዓል ደረሰ ብዬ ነው። ጤፍ ናት፣ ማኛ።»

«አልወስድም። አመሰግናለሁ።»

«ከገበያ የገዛሁት እንዳይመስልሽ። ከዚያው ከማሳው የወጣ ነው» አለ። ይህን ሲል አላፈረም፤ ምን እንደተናገረም የገባው አልመሰለኝም። «ቅዳሜ እዚያ ነበርሽ አሉኝ።»

የግቢውን ቁልፍ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«አሮጊቷ አሳድጋኛለች። እኔ እሷን አልበድላትም። ገንዘቡ ሲወጣ የሷን ድርሻ እሰጣታለሁ። ስሙ ብቻ ነው የኔ።»

«ታዲያ ስሙን ለምን በሳቸው አላደረግከውም?»

ፈገግ አለ። «የሙከራ ጊዜሽ የሚያልቀው መስከረም ላይ ነው፣ አይደል?»

ይህን ከማን እንደሰማ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጆንያውን እዚያው ትቶ መኪናውን አስነሳና ሄደ። ዝናብ ሲጀምር አከራያችን ስንዴ መስሏቸው ወደ ኮሪደሩ አስገቡት። ሦስት ቀን እዚያ ቆመ። ስንገባ ስንወጣ በጎኑ እናልፋለን፤ ማናችንም አልነካነውም።

በነጋታው ረቡዕ የቡድን መሪዬ አስጠርተውኝ በሩን ዘጉ። በሩን ዘግተው ሲያነጋግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«ዓርብ ቅሬታው ይሰማል። ትጠየቂያለሽ» አሉ።

«አዎ።»

«ያን ቀን አብረን ነው የወጣነው። የምንጠየቀውም አብረን ነው። እኔ ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ማስፈራራቴ አይደለም፤ ያለውን ነው የምነግርሽ።» ብዕራቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ያንን ልጅ ማመን አልነበረብኝም። አሁን ግን አልፏል።»

«አላለፈም እኮ፣ ጋሼ። ገና አልተከፈለም።»

አላዩኝም። ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «ወደ ሥራሽ ሂጂ» አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት፣ ጳጉሜ ገብቷል፣ ተነስቼ ስለባብስ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ሲያቃስት ሰማሁ። ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ታክሲው እየወሰደ ነበር። ከኋላ ወንበር ሥር ጫነውና፣ «ግቢ፣ አደርስሻለሁ» አለኝ። መንገድ ላይ ሰው አልጫነም። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ወረዳው ግቢ ስንደርስ ያ መኪና ቆሞ ነበር። ባለቤቴ ጆንያውን አውርዶ መኪናው አጠገብ አቆመና ለሰውየው፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኛ ቤት ተረስቶ ነበር» አለው። ከዚያ ለኔ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ሰብሳቢዋ ከክፍለ ከተማ የመጣች ሴት ናት፤ መነጽሯን እያወለቀች እያደረገች ታነባለች። አጠገቧ ሁለት የአካባቢው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የቡድን መሪዬ በጎን በኩል ናቸው። እማማ ብቻቸውን ከፊት። ነጩ ስኒከር ከኋላቸው። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ሌሎች ገበሬዎችም ሊያዳምጡ መጥተው በርና መስኮቱን ሞልተውታል።

መጀመሪያ አንደኛው ሽማግሌ ተናገሩ። «ያረሰው ባሏ ነበር። እሱ ሲሞት ማሳው ለቤተሰቡ ነው የሚመለሰው። ሴት ሞፈር አትይዝም» አሉ።

እማማ እጃቸውን አወጡና ተነሱ። «እርስዎ ሞፈር ከያዙ ስንት ዓመትዎ ነው?» አሏቸው። «የእርስዎንም የሚያርሱት ልጆችዎ ናቸው። ገበሬ አይደሉም ያለዎት ግን የለም።»

በሩ አካባቢ ሰው ጉምጉም አለ። ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳች። የሚያርስላቸው ጎረቤት ተጠራ። መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔ በሬ ያለው ሰው ነኝ፣ ጥራኝ ያለኝ ዘንድ ሄጄ አርሳለሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም» አለና ተቀመጠ። እማማ ወደሱ አልዞሩም።

ከዚያ ሰብሳቢዋ የኔን ቅጽ አነሳች። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«በአካል ተገኝተሽ እንዳረጋገጥሽ እዚህ ላይ ፈርመሻል። ማሳው ላይ ማንን አገኘሽ?»

ጠረጴዛውን ተጠጋሁ።

«ማንንም አላገኘሁም» አልኩ። «አልሄድኩም።»

«አልሰማሁሽም።»

«ማሳው ላይ አልሄድኩም። የፈረምኩት መኪና ውስጥ ነው። አመልካቹ ምሳ ጋብዞን ነበር። እኚህ እናት ሲጠይቁኝም ሄጃለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። በኋላ ብቻዬን ሄድኩ፤ ጤፉን ሲያጠነፍፉ ያገኘሁት እሳቸውን ነው።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ከዚህ የበለጠ ነበር። የቀረው ጠፋብኝ። የቡድን መሪዬ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል። ያለቀ መስሎኝ ልቀመጥ ስል ሰብሳቢዋ፣ «ቆይ» አለች።

«እንዲህ የፈረምሽው ስንት ነው?»

ስለዚያ አላሰብኩም ነበር። እውነቴን ነው፣ ያን ሁሉ ሌሊት ስገላበጥ ያሰብኩት ስለ እማማ፣ ስለ ደሞዜና ስለ ራሴ ነው። ስለ ሌሎቹ አምስት ቅጾች አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

«ስድስት» አልኩ።

«የማን የማን?»

እየተንተባተብኩ ነገርኳት፤ ጸሐፊው መዘገበ። «እንግዲያው ስድስቱም ተጣርተው እስኪያልቁ ከክፍያው ይታገዳሉ» አለች። መስኮቱ ጋ አንድ ሰው፣ «እንዴ» ሲል ሰማሁ።

ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ካፖርት የለበሰ ገበሬ ነው። «እኔ ምን አደረግኩ?» አለኝ። አልጮኸም። «በመሬቴ ላይ ነኝ። ዘንድሮም አምናም እዚያው ነኝ። ያልመጣሽው አንቺ ነሽ። ለጊደር ቀብድ ሰጥቼ ለመስቀል የሚከፈለውን ድጎማ ነበር የምጠብቀው። አሁን ለሻጩ ምን ልበለው?»

«ይቅርታ» አልኩት።

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው?» አለና ሄደ።

የቡድን መሪዬ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ዝናብ ተጠልለው ቆመው ነበር። በአጠገባቸው ሳልፍ፣ «ቢያንስ ለኔ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ይህ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል፤ ዓርብ ጠዋት ምን እንደምናገር ሐሙስ ማታ ወስኜ ነበር፣ ስልካቸውም ነበረኝ። እንዳያስቀሩኝ ፈርቼ ነው።

ከአዲስ ዓመት በኋላ የሚያጣራ ሌላ ቡድን ተላከ። ስድስቱን ማሳዎች እንዳሳያቸው አብሬ እንድሄድ ታዘዝኩ። የማላውቃቸውን ማሳዎች ማሳየት ስለማልችል መንገዱን ለገበሬዎቹ እየጠየቅኩ ነበር የምመራቸው። ከስድስቱ አራቱ ቅጹ ላይ እንደተጻፈው ሆነው ተገኙ፤ ካፖርት የለበሰው ሰውዬም አንዱ ነው። ማሳው ላይ ሲያርም አገኘነውና ከኛ ጋር እስክንጨርስ ቀና ብሎ አላየኝም። አምስተኛው መሬቱን ከሸጠ ቆይቷል። ስድስተኛው የእማማ ነው። እዚያ ስንደርስ ያ ጎረቤት በሬዎቹን ከወዲያ ሲነዳ ነበር። የቡድኑ ሰው ጠራውና፣ «እሺ፣ ዘሩን ማን ነው የሚሰጥህ? ምርቱን ከማን ጋር ነው የምትካፈለው?» ብሎ ጠየቀው። እማማ አጠገቡ ቆመዋል። የበሬዎቹን ገመድ እጁ ላይ ጠቀለለና፣ «ከሳቸው ጋር» አለ። ይኸው ነው። አዳራሹ ውስጥ ያላለውን እርሻው ላይ አለው።

የባላቸው ወንድም ልጅ ይግባኝ ጠየቀ። ጉዳዩ ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለ ሌላ ቢሮ ሄደ። ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ። ሁለቱንም ጊዜ ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ በአክብሮት ሰላም አለኝ። እማማም ይመጣሉ፤ ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ቦት ጫማቸውን ቤት ትተው፣ የማይመቻቸው የሰው ጫማ አድርገው። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ልጁ ሻይ ገዝቶ አመጣላቸው። ተቀበሉትና ጠጡ። ኅዳር ላይ ተወሰነላቸው፤ ማሳው በስማቸው ተመዘገበ፣ ድጎማውም ተከፈላቸው። ሌሎቹ አራቱም በዚያው ወር ተከፈላቸው፤ የወረዳው ሌላ ገበሬ ሁሉ ከወሰደ ከሁለት ወር በኋላ። የካፖርቱ ሰውዬ ጊደር ያኔ ለሌላ ሰው ተሸጣ ነበር። ቀብዱም አልተመለሰም።

የኔ ደብዳቤ ከዚያ ቀደም ብሎ መጣ። የሙከራ ጊዜዬን በሚፈለገው ብቃት ስላላጠናቀቅኩ ቅጥሬ እንደማይጸና ይገልጻል። ከዓይኔ እንባ አልወጣም፤ የጻፉት ልክ ነው። የቡድን መሪዬ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። ባለቤቴ ያን ዓመት እሑድም ይሠራ ነበር። አንድ ቀንም ነገሩን አንስቶ አልወቀሰኝም። ግን አንዳንድ ማታ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ምን እንደሚያስብ አውቅ ነበር።

ጤፉ በታጨደበት ሰሞን እማማን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ወንዙ ደርቆ በድንጋይ ላይ ይታለፋል። በድጎማው የገዟትን ላም አሳዩኝ፤ ቀይ ናት፣ ከብሾፍቱ ነው የመጣችው። ምን ያህል ወተት እንደምትሰጥ፣ ምን እንደሚያበሏት እየጠየቅኩ ቆየሁ። ልወጣ ስል፣ «እማማ፣ ይቅር አሉኝ?» አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

አሰቡበት። «ዋሽተሽኛል» አሉ። «ከዚያ ደግሞ በሰው ፊት እውነቱን ተናገርሽልኝ። አንዱ አንዱን አያጠፋውም፣ ልጄ። ሁለቱንም አልረሳ።» ከዚያ በጠርሙስ ወተት ሰጥተውኝ እስከ ወንዙ ሸኙኝ። በቀጣዩ ዓመት መንገዱ የማሳቸውን ሲሶ ወሰደው። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ በስማቸው።

አሁን ሲኤምሲ አካባቢ የእንስሳት መኖ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ከከተማው ዳር ያሉ ከብት አርቢዎች ይመጣሉ፤ ላማቸው ለምን ወተት እንደቀነሰች ይጠይቁኛል፣ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ካፖርት የሚለብሰው ሰውዬም ደንበኛችን ነው። ዘግይቶም ቢሆን ጊደር ገዝቷል፤ አሁን ሦስት ከብት አለው። ሁልጊዜ የሚያነጋግረው የሥራ ባልደረባዬን ነው። እሷ ከሌለች ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል።

ባለፈው ወር ባልደረባዬ ታማ ቀረች። ሰውዬው መጣ፣ ውስጡን አየ፣ ውጭ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ ገባና ወደ መደርደሪያው እያየ፣ «ፉርሽካ። አንድ ኬሻ» አለ።

መዘንኩለት፣ የኬሻውን አፍ ሰፋሁለት። ሊያነሳው ጎንበስ ካለ በኋላ ቆመና ኬሻውን ራሱ መልሶ ሚዛኑ ላይ ጫነው። ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አነበበ። ልክ ነበር። ትከሻው ላይ አውጥቶት ሳይሰናበተኝ ወጣ።